ስለ ተሳላሚው ዝም ያሉ መጻሕፍት

ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተጻፉትን መጻሕፍት እየገለጠ የሚመረምር ሰው፣ የደጁን ስፋት፣ የዓምዱን ቁጥር፣ የመስኮቱን ቅርጽ፣ የዐለቱንም ዓይነት ሳይቸገር ያገኛል። ነገር ግን ከነዚሁ መጻሕፍት አንዱን አንሥቶ፣ «እዚህ የደረሰው ሕዝብ በየት በኩል መጣ? የት አደረ? ምን ቀመሰ? ማንስ አሳደረው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መጽሐፉ ዝም ይለዋል። ለልደት በዓል ከዋግና ከላስታ፣ ከሌላውም አገር በእግሩ የሚጓዘው ሕዝብ የበዓሉ ግርማ እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ፣ በመጽሐፍ ግን ስፍራ አላገኘም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ጉድለት ነው፤ ለማሳያም የመረጥነው ከሰቆጣ ተነሥቶ ላሊበላ የሚደርሰውን መንገድ ነው። ዓ.ም. ብለን ካመለከትናቸው በቀር፣ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረች፣ ዛሬም የዋግ ኽምራ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። የዋግ ሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበርና፣ ከሰቆጣ ወደ ላሊበላ መውረድ ለነሱ ወደ አባቶች መካነ መቃብር እንደ መሄድ ነበር። ከዚሁ ቤት የተወለዱት ዋግ ሹም ጎበዜም፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ በ1868 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው እስከ 1871 ገዝተዋል። በከተማይቱ አቅራቢያ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚባለው ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ስላለ፣ ተሳላሚው ገና ከአገሩ ሳይርቅ ውቅር መቅደስ ተሳልሞ ይነሣል። ወደ ደቡብ ባመራ ጊዜ የብልባላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያገኛል፤ በዋሻ ውስጥ ወደ ታነጸው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ጎራ ይላል፤ ከዚያም በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አንጻር ወዳለችው ወደ ላሊበላ ይደርሳል። መንገዱ በመኪና ቢለካ ከመቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለእግረኛ ግን ርቀት የሚቈጠረው በውሃና በማደሪያ ነው።

እንግዲህ ከአገራችን የቀደሙ መጻሕፍት እንጀምር። ገድለ ላሊበላ፣ ፈረንሳዊው ጁል ፔሩሾን በ1892 ወደ ቋንቋው ተርጉሞ ያሳተመው፣ ንጉሡ በመልአክ እጅ ወደ ሰማይ መነጠቁን፣ የሕንፃዎቹንም አምሳል እዚያ ማየቱን ይተርካል። በዚህ ገድል ውስጥ ረጅሙን ርቀት የሚያሳልፈው የመልአክ ክንፍ ስለ ሆነ፣ የሰው እግር ብዙ አይነገርለትም። ይህን እንደ ነውር አንቈጥረውም፤ ገድል የተሰጠው ተግባር ቃል ኪዳኑን ማስታወቅ ነውና። ስንቅ ይዞ ለሚነሣው ገበሬ ወደ የት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ ነግሮታል፤ እንዴት እንደሚሄድ ግን ለአባቱና ለጎረቤቱ ትቶለታል። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ የብዙ ሰዎች ዐፅም ይታያል፤ ትውፊቱም ከሩቅ አገር መጥተው በዚያው ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው ይላል። ስማቸውን የሚነግረን ጽሑፍ ስለሌለ፣ ስለ እግረኛው ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ይህ ዐፅም አብልጦ ይናገራል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከውጭ አገር ሰዎች ቀዳሚው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1520 ከመልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ቆየ፤ መጽሐፉም በ1540 በሊዝቦን ታተመ። ላሊበላን ብቻ ሳይሆን የይምርሐነ ክርስቶስንም ዋሻ አይቶ ጽፏል። ዓይኑ ንቁ፣ ብዕሩም ቅን ነው። ሆኖም የላሊበላን ሕንፃዎች ሲገልጥ አንድ ጭንቀት ይይዘዋል፤ ይኸውም የአገሩ ሰው አያምነኝም የሚል ነው። ስለዚህ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም እስከ መማል ይደርሳል። ጸሐፊው በአንባቢው ዘንድ ያለውን አመኔታ ሁሉ በድንጋዩ ላይ ስላዋለው፣ ለሰዉ የሚተርፍ እምብዛም አልቀረለትም። ከሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ይህንኑ ሚዛን ወርሰዋል፤ ድንጋዩ ድንቅ ስለ ሆነ በድንጋዩ ፊት የሚሰግደው ሰው ተራ ሆኖ ታያቸው።

ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሮልፍስ በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ፣ ከመቅደላ በኋላ በላሊበላና በሰቆጣ አልፏል። የኛን ተሳላሚ መንገድ ከታች ወደ ላይ ሄደበት ማለት ነው። የጻፈው ለካርታ ሠሪ የሚጠቅም ነው፤ ወንዙ የት እንዳለ፣ ተራራው ወዴት እንደሚዞር ይመዘግባል። ግን ካርታ መንገዱን እንጂ በመንገዱ ላይ ያለውን ሥርዐት አያሳይም።

ከመቶ ዓመት በኋላ አይርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ፣ ከ1966 እስከ 1967፣ ከምጽዋ ተነሥታ በቅሎዋን እየነዳች ላሊበላን ጨምሮ ደጋውን አቋርጣ አዲስ አበባ ገባች፤ መጽሐፏም በ1968 ወጣ። ይህች ጸሐፊ ከቀደሙት በአንድ ነገር ትበልጣለች፤ የምትጽፈውን በእግሯ አውቃዋለች። ድካሙ፣ ጥሙ፣ በማታ የተገኘው የጎጆ እሳት በመጽሐፏ ውስጥ ሕይወት አለው። ጉድለቷም ከዚሁ ብርታቷ የመጣ ነው። የመጽሐፉ ማዕከል ተጓዧ ራሷ ናት፤ የአገሩንም ቋንቋ በሚገባ ስላልያዘች፣ ያሳደራት ባለቤት ደግ ወይም አስቸጋሪ ሆኖ ይታያል እንጂ ራሱ ሲናገር አይሰማም። እንግዳዋን ዐወቅናት፤ አሳዳሪውን ግን አላወቅነውም።

በዚህ ላይ አንድ መራር ነገር መጨመር አለብን። የዋግ እግረኛ በዓለም ፊት በሰፊው የተገለጠበት ጊዜ ቢኖር በ1984 እና በ1985 ረኃብ ነው፤ ያን ጊዜ ከዋግ ብዙ ሕዝብ እህል ፍለጋ ወደ ኮረም በእግሩ ጐረፈ። ጋዜጠኛውና ፎቶግራፍ አንሺው ይህን እግረኛ አዩት፤ ማየታቸውም ነፍስ አድኗል። ነገር ግን ስንቁን ቋጥሮ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ስእለቱን ሊያደርስ በፈቃዱ የሚጓዘውን ያንኑ ሰው ያየው የለም። አንድ ሕዝብ በመጽሐፍ የሚታወቀው በችግሩ ብቻ ከሆነ፣ መጽሐፉ ውሸት ባይናገርም እውነቱን አጉድሏል።

የአማርኛ ጸሐፊዎቻችንስ? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የጉዞ መጽሐፍን ለአማርኛ ካስተዋወቁት ሊቃውንት ግንባር ቀደም ናቸው። የልዕልት ወይዘሮ መነንን የኢየሩሳሌም ጉዞ በ1915 ዓ.ም.፣ የጃፓንንም አገር በ1924 ዓ.ም. ባሳተሟቸው መጻሕፍት አሳውቀውናል። እነዚህ የክብር ጉዞ መጻሕፍት ስለ ሆኑ፣ መርከቡንና አቀባበሉን በትጋት መመዝገባቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ በበረሃ አቋርጠው ወደ ኢየሩሳሌም በእግራቸው የሄዱት መነኮሳትና ምእመናን፣ የመንገዱን ምስጢር ይዘው ዐልፈዋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም በ1908 በሮም ለመንገደኛ የሚሆን የንግግር መምሪያ አሳትመው ነበር፤ ያም የተሰናዳው ለፈረንጅ መንገደኛ ነው። አበሻው እግረኛ መምሪያ አያስፈልገውም ተብሎ ተገምቷል። በርግጥም መንገዱን የሚያውቅ አባት በቤቱ ሳለ አላስፈለገውም።

አሁን ነገሩን ከሌላ አገር ጋር እናስተያየው። በእስጳኝ አገር ምዕራብ ዳርቻ፣ በጋሊስያ፣ የሐዋርያው የቅዱስ ያዕቆብ መቃብር ይገኛል ተብሎ ስለሚታመን፣ ከኤውሮፓ ሁሉ ሕዝብ በገጠሩ አቋርጦ በእግሩ ይጓዛል። በ12ኛው መቶ ዓመት፣ የላሊበላ ዘመን በተቃረበበት ጊዜ፣ ለዚህ መንገድ አንድ መጽሐፍ ተጻፈ፤ አምስተኛው ክፍሉ ለተሳላሚው መምሪያ ነው፤ ብዙዎችም ኤምሪክ ፒኮ ለሚባል ፈረንሳዊ ቄስ ይሰጡታል። ይህ መምሪያ የየቀኑን ጉዞ ይከፍላል፤ የትኛው ወንዝ እንደሚጠጣ፣ የትኛውም ከብትን እንደሚገድል ይናገራል፤ የእንግዳ ማረፊያውን ይጠቁማል። ነውርም አለበት፤ የናቫራን ሕዝብ ያለ ልክ ይሳደባል፤ በአንድ ጨዋማ ወንዝ ዳር ተቀምጠው የሚሞተውን ፈረስ ለመግፈፍ ካራ ይስላሉ ብሎ እስከ መጻፍ ይደርሳል። ቢሆንም ይህ ጸሐፊ ሊመሰገን የሚገባው፣ ስለ ራሱ ሳይሆን ነገ ስለሚመጣው እግረኛ ስለ ተጨነቀ ነው።

መንገዱ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ተዳክሞ ነበር። ያነቃቃውም የታላቅ ከተማ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም፤ ኦ ሴብሬይሮ የምትባል የተራራ መንደር ቄስ ኤልያስ ቫሊኛ፣ መንገዱን እየተከተለ በ1980ዎቹ በቢጫ ቀለም የቀስት ምልክት አደረገበት፤ መምሪያም ጻፈለት። በ1987 የኤውሮፓ ምክር ቤት የባህል መንገድ ብሎ ሰየመው፤ በ1993 በዩኔስኮ መዝገብ ገባ፤ በ2023 ከ440,000 የሚበልጡ ተሳላሚዎች ተመዘገቡ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ መዝገብ የገቡት በ1978፣ ማለት ከእስጳኙ መንገድ 15 ዓመት ቀድመው ነው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ በኛ በኩል የተመዘገበው መድረሻው ሲሆን፣ በነሱ በኩል መንገዱ ራሱ ተመዝግቧል። ይህን ስንል የሰውን ብዛት ወይም የማደሪያ ቤቱን ንግድ ተመኝተን አይደለም፤ የምንቀናው በመጽሐፉ ነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። የኛ ተሳላሚ ዝም ያለው ባለማወቅ ሳይሆን በትሕትና ነው ይባላል፤ ጾምና ጸሎት በስውር ይሁን የሚለውን ትምህርት የያዘ ሰው፣ ስለ ድካሙ መጽሐፍ ቢጽፍ ዋጋውን በምድር ተቀበለ ማለት ነው። ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው። መልሳችንም ይህ ነው፤ እኛ የምንሻው ተሳላሚው ስለ ራሱ እንዲጽፍ አይደለም። «ደከምሁ፣ ተጠማሁ፣ አለቀስሁ» የሚል መጽሐፍ በበዛ ቍጥር መንገዱ ከጸሐፊው በስተጀርባ ይሰወራል። የምንሻው ጸሐፊው ዘወር ብሎ መንገዱንና አሳዳሪውን የሚያሳይበትን መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ትሕትናን የማያፈርስ ብቻ ሳይሆን፣ ለመጪው መንገደኛ ውሃ እንደ ማቀበል ያለ ምጽዋት ነው።

ይህ መጽሐፍ ምን ይይዛል? የልደት ጉዞ የሚሆነው በጾመ ነቢያት ነው፤ ስለዚህ ላም ያለው ባለቤት እንኳ ወተት አያቀርብም፤ መንገደኛው የሚኖረው በበሶ፣ በቆሎና በዳቦ ቆሎ ነው። ታኅሣሥ 29፣ ወይም ዘመነ ዮሐንስ በሆነ ጊዜ በ28፣ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲዘመር የሚሰማው ሕዝብ ይህን ጾም በእግሩ የጾመ ሕዝብ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ፣ የዝማሬውን ደስታ በግማሹ ብቻ ይረዳዋል። በማታ በደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» የሚለው መንገደኛና «ቤት ለእንግዳ» የሚለው ባለቤት የሚለዋወጡት ቃል የቆየ ሕግ ያህል ጽኑ ነው። የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ፣ የትኛው አቀበት በማለዳ መውጣት እንዳለበት የሚታወቀውም በዚያው ደጃፍ ነው። ይህ ሁሉ ሊጻፍ ይገባዋል።

የቦታዎቹም ስም እንዲሁ ነው። ዋግ የአገው ምድር ስለ ሆነ፣ ስሙ በኽምጣና ቋንቋ የሚተረጐም ወንዝና ጋራ ብዙ ነው። ትውፊት የላሊበላን ስም እንኳ ከአገውኛ ጋር አያይዞ በንቦች ነገር ይፈታዋል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ጸሐፊ ቢሄድበት ስሙን ይጽፈዋል እንጂ ትርጉሙን አያገኘውም። ስለዚህ መጽሐፉ ከውጭ ሰው ይልቅ ከዚያው አገር ልጅ እጅ መውጣት አለበት።

ጊዜውም አይጠብቅም። በ2020 በሰሜን የተነሣው ጦርነት በ2021 ሰቆጣንም ላሊበላንም አዳርሷል፤ በ2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ስንት ቤት እንደ ፈረሰና ስንት አረጋዊ ከቀየው እንደ ተነቀለ የአገሩ ሰው ያውቃል። የተሳላሚ ማሳደሪያ የነበረ ቤት ሲፈርስ ድንጋዩ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። የመኪና መንገድ መከፈቱም በጎ ነገር ነው፤ ሕመምተኛንና አሮጊትን ያደርሳልና። ነገር ግን መኪና የሚያልፈውን ምንጭ ልጆች አይማሩትም።

ለሰቆጣና ለላስታ መምህራን፣ ለተማሪዎቻቸውም የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንድ ተማሪ አንድ አረጋዊ ተሳላሚን ቢጠይቅ፣ ከአንድ ማደሪያ እስከ ሌላው ያለውን ብቻ አጣርቶ ቢጽፍ፣ ከዚያም የብዙዎቹ ጽሑፍ ቢያያዝ፣ መምሪያው ተጀመረ ማለት ነው። የቦታው ስም በኽምጣናና በአማርኛ ይጻፍ፤ ያልተረጋገጠው አይግባ፤ የማንም ሕዝብ ስም አይነቀፍ። ከአልቫሬዝ ቅንነትን፣ ከመርፊ እግረኛነትን፣ ከእስጳኙ መምሪያ ለመጪው ሰው ማሰብን ብንወስድ፣ ነውራቸውን ግን ብንተውላቸው፣ ከሁሉ የሚሻል መጽሐፍ ይወጣናል። ድንጋዩን የፈለፈሉት ሰዎች ለዐይን የሚታይ ሥራ ትተውልናል። መንገዱን በእግራቸው የጠረቡት ደግሞ የተዉልን በአፋቸው ያለውን ብቻ ነውና፣ እሱም ሳይዘጋ መቅዳት የኛ ዕዳ ነው።