«ትማርኪያለሽ» እና የቆቦ ተቀባዮች
ስለ አንድ የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ የቀረበ ሂስ

ስለ አገራችን ዘፈን በተማሪዎች መካከል ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት አሳቦች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንደኛው ወገን ዘመናዊው ዘፈን ከባሕር ማዶ የተቀዳ ስለሆነ የእኛ ሊባል አይገባውም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዘፋኝ ራሱን ካላደሰ ይረሳልና አዲሱን ነገር ከየትም ቢያመጣው አይነቀፍም ይላል። እኛ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ክርክሩ በአንድ ሸክላ ላይ ቢፈተን ምን እንደሚገኝ ለመመርመር ነው። የመረጥነው ሸክላ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ዓለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» የተባለውን ዘፈን የተጫወተበትን ነው። የመፈተኛ ስፍራ ያደረግነው ደግሞ የምናውቀውን የቆቦንና የራያን ቆላ ነው። ቆቦና የአዲስ አበባ ሸክላ ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱን ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

አስቀድሞ ሸክላው የወጣበትን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1948 እ.ኤ.አ. በወጣው ትእዛዝ መሠረት ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ታላላቆቹ ኦርኬስትራዎችም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ንብረት ነበሩ። ዘፋኙ ደመወዝተኛ ነው፤ ዘፈኑም የመሥሪያ ቤቱ ነው። ዓለማየሁ እሸቴም የታወቀው በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ሲሆን፣ በጠጉሩ አበጣጠር፣ በአለባበሱና በአዘፋፈኑ አሜሪካዊውን ኤልቪስ ፕሪስሊን በመከተሉ አንዳንዱ ሲያደንቀው አንዳንዱ ይቀልድበት ነበር።

በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ የማኅበሩን ብቸኛ መብት ሳይፈራ በስሙ የሸክላ ማሳተሚያ አቋቋመ። ሸክላው የታተመው በሕንድ አገር ነው። የማሳተሚያው የመጀመሪያ ሥራ ይኸው የዓለማየሁ ሸክላ ሆነ። አምሃ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎች አሳትሞ በደርግ ዘመን ወደ ስደት ሄደ። ዓለማየሁም በዚያው መንገድ ቀጥሎ በ1972 እ.ኤ.አ. ከግርማ በየነ ጋር የራሳቸውን ባንድ እስከ ማቋቋም ደረሰ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። ዓለማየሁ ራሱን አደሰ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጠጉሩንና ሱሪውን ነው። በእኛ አስተያየት ግን ዋናው እድሳት የቆመበትን ስፍራ መለወጡ ነው። ትናንት በመለዮ ለባሾች መካከል የቆመው ድምፅ በዚህ ሸክላ ላይ በገዛ ስሙ ተሸጠ። ሸክላውን የሚገዛው ሰው የሚገዛው የፖሊስ ሠራዊትን ዘፈን ሳይሆን የዓለማየሁን ነው። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

አሁን «የተቀዳ ነው» ወደሚለው ክስ እንምጣ። ከሳሾቹ ጣታቸውን የሚቀስሩት በትራምፔቱና በሳክስፎኑ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ራስ ተፈሪ 40 የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም ያስመጡት በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። እነዚያን ልጆች በሙዚቃ የመራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ ኋላም ዘመዱ ኔርሰስ ናልባንዲያን በቴአትር ቤቱ ብዙ የእኛን ተጫዋቾች አስተምሯል። እንግዲህ «ትማርኪያለሽ» በወጣ ጊዜ ትራምፔቱ በአገራችን 45 ዓመት አስቆጥሯል። በአንጻሩም የከተማው ኦርኬስትራ የሚመላለስባቸው ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ እየተባሉ በወሎ ስፍራዎች ስም ይጠራሉ። መሣሪያው ከውጭ ቢመጣም ቤት ያገኘው በእኛ ቅኝት ነው። ስለዚህ አንድን ዘፈን በመሣሪያው ዘር መክሰስ ብዙ የሚያስኬድ መንገድ አይመስለንም።

ከዚህ ይልቅ ዘፈኑ እንዴት እንደተሠራ ማዳመጥ ይሻላል። «ትማርኪያለሽ»ን በጥሞና ያዳመጠ ሰው ድምፃዊው ብቻውን እንደማይዘፍን ያስተውላል። ዓለማየሁ አንድ ሐረግ ያወጣል፤ የነሐሱ መሣሪያዎች በአንድነት ይመልሱለታል፤ እንደገና ያወጣል፤ እነርሱም ይመልሳሉ። ይህ ስልት በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ጄምስ ብራውን ዓይነት ዘፋኞች የገባ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ለእኛ እንግዳ ነውን? ለዚህ ጥያቄ ነው ወደ ቆቦ የምንወርደው።

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስተምሥራቅ የዞብልን ተራራ እያየች፣ በማሽላ ማሳ መካከል ከዋናው የመቀሌ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ነሐሴ 16 ቀን ፍልሰታ ሲፈታ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል በእኛ ዘንድ ሶለል ይባላል። ልጃገረዶች ጠጉራቸውን ተሠርተው፣ አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ግጥሙ የሚደረደረው እዚያው በር ላይ ነው። ለጋሱ አባወራ ሲሞገስ፣ እጁ የጠበቀው ደግሞ በሚያስቅ ስንኝ ይነካል። በጅጌ ሥራና በአውድማም ላይ ነገሩ እንደዚሁ ነው፤ አውጪ ያለ ተቀባይ አይዘፍንም። ቃሉም ቢሆን አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ተዛምደው የሚኖሩበት ነው።

ባለፈው ሶለል በቆቦ ሳለን «ትማርኪያለሽ»ን በስልክ ከፍተን ለጎረቤቶቻችን አሰማን። ይህ ምርምር የሚባል አይደለም፤ ከቡና በኋላ የተደረገ ጨዋታ ነው። አንዲት አሮጊት እናታችን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡና፣ ዘፈኑ እንደሚያምር ተናግረው፣ ግን የት ላይ እንደሚቀበሉት ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ዘፈኑን ደግመን ስንከፍት ግን ከበሮ ይዘው በደጅ የቆሙት ልጃገረዶች ቦታውን ራሳቸው አገኙት። ትራምፔትና ሳክስፎኑ በሚመልሱበት ላይ ማጨብጨብና «እሰይ» ማለት ጀመሩ። በሦስተኛው ጊዜ ከመሣሪያዎቹ እኩል ይገቡ ነበር።

እዚህ ላይ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ያደረብንን አሳብ ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። የመዝሙር ክፍል በአራት ድምፅ ስንለማመድ፣ የሶለል ዘፈን የልጆች ጨዋታ፣ የከተማው ሸክላ ደግሞ የሥልጣኔ ነገር መስሎን ነበር። ሁለቱ በአንድ መሠረት ላይ የቆሙ መሆናቸውን ያሳዩን እነዚያ ልጃገረዶች ናቸው። የሸክላው የነሐስ መሣሪያዎች የተቀባዮችን ወንበር ይዘዋል። ስለዚህ «ትማርኪያለሽ» ከባሕር ማዶ የወሰደው ነገር ቢኖር፣ ቤታችን የነበረውን ነገር በሌላ ልብስ ለመመለስ የሚያመች ሆኖ ስላገኘው ነው ብለን እናምናለን።

ይሁን እንጂ ምስጋና ብቻ ሂስ አይሆንም። ሸክላው በሁለት ነገር ከፍሏል።

አንደኛው፣ ተቀባዩ ደመወዝተኛ ሆኗል። በቆቦ ደጅ ላይ ተቀባይ ለመሆን የሚያስፈልገው መገኘት ብቻ ነው። በሸክላው ላይ ግን መልሱ አስቀድሞ ተመልሷል፤ አድማጩ ቢያጨበጭብም ባያጨበጭብም ዘፈኑ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። የሶለል ዘፈን የሚያልቀው ግን የቤቱ ባለቤት እጁን ሲዘረጋ ነው። የአሮጊቷ ጥያቄ ከዚህ የተነሣ ነበርና ትክክል ነበረች።

ሁለተኛው፣ ዘፈኑ በር የለውም። በሶለል እያንዳንዱ ስንኝ የሚሄደው ወደ ታወቀ ሰው ነው። «ትማርኪያለሽ» የሚለው ቃል ግን «አንቺ» ይላል እንጂ ማን እንደሆነች አይጠቁምም። የምትማርከው ሴት በአዲስ አበባም፣ በደሴም፣ በአስመራም ልትሆን ይገባታል፤ አለዚያ ሸክላው አይሸጥም። ይህ ስም የለሽ «አንቺ» ዘፈኑን ሩቅ አገር ወስዶታል። የፈረንሳይ ሰው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም 9ኛውን ቁጥር ለዓለማየሁ በሰጠ ጊዜ፣ ቋንቋውን የማያውቅ አውሮፓዊ ሁሉ ሊሰማው ችሏል። ትርፉ ሰፊነት ነው፤ ኪሳራው ቅርበት ነው። ዓለማየሁን በዚህ አንወቅሰውም፤ ሸክላ የሚባል ዕቃ የሚጠይቀው ዋጋ ይህ ነውና።

ወቀሳችን ከእርሱ በኋላ ወደ መጡት ይሄዳል። ዛሬ የራያ ምት በከተማ ስቱዲዮዎች ተፈላጊ ሆኗል። በኪቦርድ ይመታል፤ ጭፈራውም በቪዲዮ ይታያል። ነገር ግን በብዙዎቹ ሥራዎች ውስጥ የተቀባዮችን ድምፅ ያው ድምፃዊ ራሱ ደራርቦ ይሞላዋል። ራሱ ያወጣል፤ ራሱ ይቀበላል። ዓለማየሁ ከባሕር ማዶ መሣሪያ ተውሶ ለተቀባዩ ስፍራ ሲጠብቅ፣ እነዚህ ደግሞ የራያን ምት ወስደው ተቀባዩን አስቀርተዋል። ታዲያ ከሁለቱ ለእኛ ማን ይቀርባል? በልብስና በምት ብቻ የሚፈርድ ሰው ይህን ጥያቄ በትክክል ሊመልሰው አይችልም።

ነገሩ የቸኮለበትም ምክንያት አለ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ቆቦ ዳግም በጦርነት ስትያዝ ሰሞኑ የሶለል ነበር። የሸክላ ዘፈን ዘፋኙ ቢሞትም ይኖራል፤ አምሃ በሚያዝያ፣ ዓለማየሁም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ሲለዩ «ትማርኪያለሽ» አልሞተም። በደጅ የተደረደረ ስንኝ ግን ልጃገረዶቹ ሲበተኑ አብሮ ይበተናል። ያንን ዓመት የሚተካ ሌላ ዓመት የለም።

ስለዚህ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ዘፋኝ ራሱን ሲያድስ «ከየት ወሰደ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «አድማጩ የት ላይ ይገባል?» ብለን እንጠይቅ። በመጪው ነሐሴም ከእኛ መካከል ወደ ቆቦ የሚወርዱ ተማሪዎች የሶለልን ስንኞች ከነአውጪዎቻቸውና ከነተቀባዮቻቸው ቢቀርጹ መልካም ነው። ስንኙን ብቻ ጽፎ መመለስ ግማሹን ሥራ መተው ይሆናል፤ የቀረውን ግማሽ የሚያውቁት በደጅ የቆሙት ተቀባዮች ናቸው።