የወለቀችው «የ»

መገናኛ ላይ የታክሲው ረዳት «ቦሌ ሚካኤል! ቦሌ ሚካኤል!» ይላል። ሁለት ቃል ነው። በሁለቱ ትርጉም ውስጥ ግን አንዲት የማትሰማ ፊደል አለች፤ «የ»።

ከኋላ እንጀምር። ሚካኤል የዕብራይስጥ ስም ነው፤ ሦስት ቁራጭ አለው። «ሚ» ማን፣ «ካ» እንደ፣ «ኤል» አምላክ። ማን እንደ አምላክ? ጥያቄው ስም ሆኖ ቀረ። ቦሌ ከፊቱ የቆመው የትኛው ሚካኤል እንደሆነ ለመለየት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሚካኤል ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አንድ ብቻ አይደለም። ሲብራራ «ቦሌ ያለው ሚካኤል»፣ ሲያጥር «የቦሌ ሚካኤል»፣ ሲለመድ «ቦሌ ሚካኤል»። የቤተ ክርስቲያኑ ስም ለሰፈሩም ሆነ። ዛሬ በሰፈሩ የሚኖረው ሶማሌ ነጋዴም አድራሻውን ሲናገር ሚካኤል ይላል።

ላም በረትና ወሎ ሰፈርም እንዲሁ «የ» ሳይሏቸው ይጠራሉ። ጉርድ ሾላ ግን ከመነሻውም አታስፈልገውም፤ «ጉርድ» ቅጽል ነው፣ ሾላው ላይ በቀጥታ ይገጥማል። መገናኛ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ነው። «ተገናኘ» «ተ»ን አውልቆ «መ»ን ለበሰ፤ ጫፉ ላይ «ኘ» «ኛ» ሆነች።

ግዕዝ አገጣጠሙ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ሲል ተራራው ይቀድማል፣ ብርሃኑ ይከተላል። ማያያዣ ከውጭ አይመጣም፤ የ«ደብር» መጨረሻ «ር» ወደ «ረ» ይከፈታል። አንዲት አናባቢ፣ በቃ። ስሙ ከወጣበት ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይህ ግጥሚያ አልላላም።

ሩሲያም በሚካኤል ስም የተጠራ መንደር አላት። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1742 እ.ኤ.አ. ለፑሽኪን ቅድመ አያት ለአብራም ሃኒባል በሰጠችው ርስት ላይ ያለ መንደር ነው፤ ባለቅኔው ከ1824 እስከ 1826 በግዞት የኖረበት። ስሙ ሚካይሎቭስኮዬ ነው። ከፊት «ሚካይል»፣ ከኋላ «ኦቭስኮዬ»። የእነሱ «የ» ከጅራት ነው። እሱን ከነቀሉት መንደሩ ይጠፋል፣ ሰውዬው ብቻ ይቀራል። የእኛዋ ወልቃም ስሙ አልተፈታም።

ታክሲው ሲቃረብ ከኋላ ወንበር አንዱ «ሚካኤል ጋ ወራጅ አለ» ይላል። እዚያ ሲደርስ ቦሌም ወልቋል።