ጠርዙና አናቱ

ጥር 1 ቀን የእስጢፋኖስን በዓል ለማክበር ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ የሚያድር ሰው የዚያን አገር ብርድ ሳያውቅ አይመለስም። ገና ሳይነጋ ከውሃው ላይ ጉም ይነሳል፤ ከአምባሰል ተራሮች የሚወርደው ነፋስ ጉሙን እየገፋ ዳር ድረስ ያመጣዋል። ምእመኑ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይቆማል። ጋቢ ደግ ልብስ ነው፤ ግን እጅ ይፈልጋል። አንዱ እጅ ጫፉን ካልያዘው ከራስ ላይ ይንሸራተታል። ታንኳ የሚቀዝፍ፣ በግ የሚነዳ፣ ደብተር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ሰው ደግሞ ለልብሱ የሚያበድረው እጅ የለውም። ከወፍራም ክር የተሠራ የሹራብ ኮፍያና የአንገት ስካርፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ራስንና አንገትን ያሞቃል፣ ሁለቱን እጅ ነፃ ይተዋል።

እነዚህን ኮፍያዎች ብዙ ሰው በቀላል ሥራነት ነው የሚያያቸው። በፍጥነት የሚያልቁ መሆናቸው እውነት ነው፤ እጇ የለመደ ሴት ከቡናውና ከወሬው ጎን አንዱን በሁለት ምሽት ትጨርሰዋለች። ፍጥነቱ የሚገኘው ከክሩ ውፍረትና ከቁጥሩ ቀላልነት ነው። መሐሉን ዐይኗን ጨፍናም ትሠራዋለች። እጅ ሊጣደፍባቸው የማይገቡ ሁለት ቦታዎች ግን አሉ፤ አንዱ ጠርዙ፣ ሌላው አናቱ። የሠሪዋን ማንነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቀለሙንና ጌጡን ትቶ እነዚህን ሁለቱን ይይ።

ጠርዙ የሚጀመረው ክሩን ቀለበት እያደረጉ መርፌው ላይ በመደርደር ነው። የኮፍያው ዕድሜ በዚህ በመጀመሪያው ረድፍ ይወሰናል። ረድፉ ከጠበቀ ግንባር ላይ ቀይ መስመር ያትማል፤ ከመጠን በላይ ከላላ ደግሞ ኮፍያው ሳምንት ሳይሞላው ቅንድብ ላይ ይወርዳል። ብልኋ ሠሪ ስትጀምር ሁለቱን የሹራብ መርፌዎች አንድ ላይ ትይዛለች። ቀለበቶቹን በሁለቱም ላይ ከደረደረች በኋላ አንዱን መርፌ መዝዛ ታወጣዋለች። የቀሩት ቀለበቶች ሁሉ እኩል ስፋት ይዘው፣ መተንፈሻ አግኝተው ይሰለፋሉ። አንድ ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ ብልኃት ነው፤ ልዩነቱ ግን ለዓመታት ግንባር ላይ ይታወቃል።

ከዚያ በላይ አራት ጣት የሚሆነው ክፍል ሁለት ቀለበት ከፊት፣ ሁለት ቀለበት ከኋላ እየተሳበ ይሠራል። ከፊት የተሳቡት ወደ ውጭ ይነሳሉ፣ ከኋላ የተሳቡት ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሥራው ከታች ወደ ላይ እየተሸነሸነ ይሰበሰባል። ራስ ሲገባበት ይከፈታል፣ ሲወጣ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህ ጠርዝ ውስጥ ላስቲክ የሚባል ነገር የለም፤ መለጠጡም መሰብሰቡም የመጣው ክሩ ከሄደበት መንገድ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምወደው ይህንን ነው። ያው ክር፣ ያው መርፌ፣ ያው እጅ፤ የመሳቢያው አቅጣጫ ብቻ ተቀይሮ የጨርቁ ጠባይ ሌላ ይሆናል። ጠርዙን በሁለት እጃችሁ ለጥጣችሁ ልቀቁት። ወዲያው ከተሰበሰበ እጁ ጥሩ ነው። እያቅማማ ከተመለሰ፣ ወይም በአንድ በኩል ተንዘላዝሎ ከቀረ፣ ሠሪዋ ክሩን አንዴ አጥብቃ አንዴ አላልታ ይዛ ነበር ማለት ነው።

የመሐሉ ጉዳይ የሒሳብ ነው። የአዋቂ ሰው ራስ ዙሪያ ባብዛኛው ከ54 እስከ 58 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ኮፍያው ተለጥጦ እንዲይዝ ከዚያ ጠበብ ማለት አለበት። በወፍራም ክር 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 15 ቀለበት የሚገባላት ሴት 72 ቀለበት ብትደረድር 48 ሴንቲ ሜትር ታገኛለች፤ ይህም ለብዙ ሰው ልክ ነው። በሁለት ቀጥ ያሉ መርፌዎች የሚሠራ ኮፍያ መጨረሻ ላይ ከኋላው ስለሚሰፋ ለስፌቱ አንድ አንድ ቀለበት በየጎኑ ይጨመርለታል። ስፌቱ ቀለበት ከቀለበት ገጥሞ ሲሰፋ ጣት ቢሄድበት እንኳ እምብዛም አይሰማውም።

72 ቁጥር የተመረጠው አናቱ ታስቦ ነው። ለ8 ሲካፈል በእያንዳንዱ ክፍል 9 ቀለበት ይደርሳል። ወደ አናት ሲቀርቡ በየሁለት ረድፉ ከየክፍሉ ሁለት ቀለበት አንድ ላይ እየተያዘ አንድ ይሆናል፤ 72 የነበረው 64፣ ከዚያ 56፣ ከዚያ 48 እያለ ይወርድና 8 ላይ ይቆማል። ክሩ ተቆርጦ በስምንቱ ቀለበቶች ውስጥ ያልፍና ይሳባል፤ አናቱ ይዘጋል። ቅነሳው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ከዋለ ስምንት መስመሮች ከዳር ተነስተው መሐል ላይ ይገናኛሉ። ሠሪዋ አንዴ እንኳ ቆጠራ ብትስት አንዱ መስመር ይጎብጣል፣ ወይም ሳይደርስ ይቀራል። ይህን ማንም ላያየው ይችላል፤ ኮፍያው ራስ ላይ ሲሆን አናቱን የሚያየው ከላይ የቆመ ሰው ብቻ ነው። የምትጠነቀቅ ሴት ግን ሦስት ረድፍ ፈትታ እንደገና ትሠራዋለች።

የቸኮለ ሰው አናቱን እንዴት እንደሚዘጋውም ልናገር። ምንም ሳይቀንስ እስከ ላይ ይሠራና ሰባ ሁለቱን ቀለበቶች በአንድ ክር አንቆ ይስባቸዋል። ጨርቁ ተጨማዶ ይከመራል፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ቀዳዳው እንዳይታይ ትልቅ የክር ቁንጮ ይሰፋበታል። ቁንጮ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ልጆች ይወዱታል፣ ልጅ ደግሞ የወደደውን ኮፍያ አያወልቅም። ቢሆንም ቁንጮ ያለውን ኮፍያ ሳይ ወዲያው ገልብጬ ውስጡን አያለሁ። የክሩ ጫፎች በመርፌ ወደ ኋላ ተመልሰው በቀለበቶቹ መሐል ከተሸሸጉ ኮፍያው አይፈታም። ቋጠሮ ተደርጎባቸው ከተንጠለጠሉ ከጥቂት እጥበት በኋላ መፈታታቸው አይቀርም።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የዚህ ሹራብ ተቃራኒ የሆነ ሥራም አለ። ከተማው ያለበት ተሁለደሬ ብዙ ሙስሊም የሚኖርበት ወረዳ ነው፤ ለሶላት የሚደረገው ነጭ የኪሮሽ ኮፍያ ከአናቱ ተጀምሮ ወደ ጠርዙ ይወርዳል። በአንድ የኪሮሽ መርፌ ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ በአጭሩ የኪሮሽ አሠራር በውስጡ ስድስት ስፌት ይገባበታል፤ ከዚያ በየዙሩ ስድስት ስድስት እየተጨመረ ይሰፋል። ከስድስት ካነሰ ክቡ ጊዜው ሳይደርስ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ከበለጠ ዳሩ ይሞገዳል። የሰውየው አናት ስፋት ሲደርስ መጨመሩ ይቆማል፤ ከዚያ ጀምሮ ኮፍያው ግድግዳውን እያወረደ ይሄዳል። ክፍት ክፍት የሆነው ጌጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከሹራቡ ይልቅ ቀጭን ክር፣ ከሹራቡ ይልቅ ብዙ ምሽት ይፈልጋል። ለብርድ የሚሠራው ከጠርዝ ወደ አናት፣ ለሶላት የሚሠራው ከአናት ወደ ጠርዝ ይሄዳል፤ የአንዲት ሴት እጅ ሁለቱንም ሲያውቅ ማየት የወሎ ወግ ነው።

ክርን በቀለበት ሥር የማሳለፍ ጥበብ ለዚህ ሐይቅ ዳር አዲስ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም የመጻሕፍት ቤት ነበር። በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው ወንጌላቸው የተጻፈበት ዘመን ከሚታወቅ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መካከል ከጥንታዊዎቹ አንዱ ነው። የብራና መጽሐፍ ጥራዞች በአገራችን ልማድ እርስ በርስ የሚያያዙት በሰንሰለት ስፌት ነው። መርፌው ከጥራዙ ይወጣል፣ ወደ ቀደመው ስፌት ሥር ተመልሶ ይገባል፣ ተጠምጥሞ ይወጣና ወደሚቀጥለው ጥራዝ ይሻገራል። ጀርባው ሙጫ ስለማይነካው መጽሐፉ ሳይሰበር ይዘረጋል። የጥንት ግብፅ ክርስቲያኖችም መጻሕፍታቸውን በዚህ መንገድ ይጠርዙ ነበር። ከዚያው ከግብፅ፣ ከኦክሲሪንከስ የተገኘ፣ ከ1,500 ዓመት በላይ የሆነው፣ በአንድ መርፌ ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ የተሠራ ቀይ የሱፍ ካልሲ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። አውራ ጣቱ ለብቻው ተከፍሎ ለነጠላ ጫማ እንዲመች ሆኗል። መጽሐፉም ካልሲውም የተያዙት በዚያው በተጠማጠመ ክር ነው። የሐይቅ መነኮሳት ጥራዝ ሲሰፉ የነበሩ ናቸውና የሹራብ ቀለበት አንስተው ቢመለከቱ የሚያውቁት ነገር ያያሉ።

የክሩን ነገር በደንብ ማንሳት ያስፈልጋል፤ የኮፍያው ሙቀት ያለው እዚያ ነውና። ዛሬ ገበያ ላይ በብዛት የሚሸጠው ባለ ደማቅ ቀለም ክር ሰው ሠራሽ ነው። ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አይኮሰኩስም፤ ለሕፃን ከዚህ የተሻለ የለም። ለእረኛ ግን አልመርጠውም። የበግ ፀጉር ከክብደቱ ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶም ገላ ላይ ርጥብነቱ አይሰማም፤ ጉም ውስጥ ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሠራሹ ክር የእሳት ፍንጣሪ ሲነካው ይቀልጣል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። የበግ ፀጉር ይከስላል እንጂ አይቀልጥም። ደጋ ላይ ማታ ማታ ሁሉም ሰው እሳት ዳር ነው።

ደጋው ደግሞ ፀጉሩ አለው። በመንዝ ሴቶቹ የበግ ፀጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ባናና በርኖስ ይሠሩበታል። በሰሜን ተራሮች እረኞች ከበጎቻቸው ፀጉር የተሠራ ሾጣጣ ኮፍያ ያደርጋሉ፣ ለመንገደኛም ይሸጣሉ። ነጩ፣ ጥቁሩና ቡናማው ቀለም ሳይነካው፣ በጉ እንደለበሰው ይቀራል። ይህ ክር ሻካራ ነው፤ ውፍረቱም አንድ ወጥ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያያል። እኔ ግን በእንዝርት የተፈተለ ክር ላይ ወፈር ብሎ ቀጠን የሚለውን ቦታ ስከተል የፈታይዋ ጣት ይታየኛል። ግንባርን ከኮሰኮሰ ጠርዙን በውስጥ በኩል በጥጥ ጨርቅ መገበር ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ስካርፉ ከኮፍያው ይቀላል ይባላል። ቅነሳ የለበትም፣ አናት የለበትም፤ ቁመቱ የሚለብሰውን ሰው ቁመት ያህላል፣ ስፋቱ አንድ ስንዝር ይበቃል። ፈተናው ሁለቱም ገጹ መታየቱ ነው። በአንድ ገጽ ብቻ ለስላሳ ሆኖ የሚሠራው ተራ ሹራብ ዳርና ዳሩ ይጠቀለላል፤ ሲውል ሲያድር ሰፊው ስካርፍ ገመድ ይሆናል። ስለዚህ ሥራውን የምታውቅ ሴት እንደ ኮፍያው ጠርዝ ፊትና ኋላ እያፈራረቀች ትሠራዋለች፤ ያኔ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት መልክ ይኖረዋል፣ ዝርግ ሆኖም ይቀመጣል። በየረድፉ መነሻ ላይ ያለውን የመጀመሪያ ቀለበት ሳትሠራው ወደ ሌላው መርፌ ታሳልፈዋለች። ዳሩ ላይ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ይወጣል። አዲስ ክር ስትቀጥልም መሐል ላይ አትቀጥልም፤ ዳር ላይ ትቀጥላለች፣ ጫፉንም እዚያው ትሸሽገዋለች። መጨረሻውን ረድፍ ስትዘጋ እጇ ከጠነከረ ስካርፉ በአንድ ጫፉ ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ይሆናል። ሁለቱን ጫፎች አንዱን ባንዱ ላይ አጋጥሞ ማየት ይበቃል።

እነዚህ ነገሮች ለራስም ይሠራሉ፣ ግን ብዙዎቹ መሄጃቸው ሌላ ሰው ነው። አራስ ሲጠየቅ የሕፃን ኮፍያና ካልሲ ይያዛል። መስከረም 21 ለግሼን ማርያም ወደ አምባው ለሚወጣ ሰው፣ ሜዳ ላይ አድሮ ስለሚነጋለት፣ ወፍራም ኮፍያ ይሰጠዋል። ለዒድ ለአባት የሚሰጥ የኪሮሽ ኮፍያ አለ። በእስጢፋኖስ ገዳም ላለ መነኩሴ ወንድም ወይም ልጅ ደግሞ ጌጥ የሌለው ኮፍያ ይሠራል። ሴቶች ወደዚያ ገዳም አይገቡም፤ የእህት ወይም የእናት የእጅ ሥራ ግን ገብቶ ሌሊት ለኪዳን የሚነሳውን ሰው ያሞቃል። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሠራ ኮፍያ ከማንኛውም የበለጠ ጥንቃቄ ሲደረግበት አይቻለሁ፤ ጌጥ ስለሌለው ዐይን የሚያርፈው ቀለበቶቹ ላይ ብቻ ነውና ስህተት መደበቂያ የለውም።

እንግዲህ የብርዱ ወራት ሳይገባ፣ በጥቅምት፣ የምትሰጡትን ሰው ራስ ዙሪያ በክር ለክታችሁ እጇን ወደምታምኑት ሴት ሂዱ። ክሩን ራሳችሁ ግዙላት፤ ለደጋ ሰው የበግ ፀጉር፣ ለሕፃን ለስላሳውን። የሁለት ምሽት ሥራ ነው ብላችሁም ዋጋ አትከራከሯት።