ስሕተቱን የማይናገር መዝገብ

አንድ ፕሮግራም በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ በደንብ ሠርቶ ሰርቨር በሚባለው አገልጋይ ኮምፒዩተር ላይ ሲበላሽ፥ ብዙ ሰው ስሕተቱን የሚፈልገው በፕሮግራሙ ጽሕፈት ውስጥ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው፥ ስሕተቱ በሰርቨሩ ደንብ ውስጥ ሊገኝ እንደሚችልና ከስሕተቱም ይልቅ ዝምታው የሚነቀፍ መሆኑን ነው።

ለምሳሌ በደቡብ ጎንደር ያሉትን የወገዳን፥ የስማዳንና የእስቴን ስሞች ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ብንመዘግብ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 በወጣው በ8.0 ዕትም በትክክል ይገባሉ፤ ይህ ዕትም ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር በዩኒኮድ ይጽፋልና። የቀደሙት ዕትሞች ግን ካልተነገራቸው የሚከተሉት ላቲን-1 የተባለውን የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ሠንጠረዥ ነው። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፥ በላቲን-1 ስፍራ የለውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ዩኒኮድ እንደሚልክ አስታውቆ ሳለ፥ ሰርቨሩ በያንዳንዱ ፊደል ፈንታ የጥያቄ ምልክት ያገባል። ስሞቹ ባለ ሦስት ፊደል ስለ ሆኑ ሁሉም «???» ይሆናሉ፤ ወገዳ ከእስቴ አይለይም። መዝገቡ ሲቈጠር ግን ሦስት ስም ይገኛል፤ ቍጥሩም ልክ ነው።

በርግጥ ዳታቤዙ ማስጠንቀቂያ ያስቀምጣል፤ ዳሩ ግን ፕሮግራሙ ካልጠየቀው አይናገርም። በ2015 ከወጣው ከ5.7 ዕትም ጀምሮ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አልቀበልም ማለት የተለመደ ደንቡ ሆኗል። ይሁን እንጂ አሮጌ ፕሮግራም እንዳይቆምባቸው ሲሉ ይህን ጥብቅ ደንብ የሚያጠፉ አሉ። ስለ ጥቂት ፊደል ሥራው ሁሉ ለምን ይቆማል የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። እኛ በዚህ አንስማማም። የቆመ ሥራ በማግሥቱ ይቀጥላል፤ በጥያቄ ምልክት የተተካ ስም ግን ዋናው ጽሑፍ በሌላ ስፍራ ካልተጠበቀ አይመለስም።

እንግዲህ መርማሪው አስቀድሞ የሁለቱን ኮምፒዩተሮች ደንብ ጎን ለጎን ያስተያይ። ቀጥሎም የተመዘገበውን ስም ርዝመት በባይት ይለካ፤ በስክሪን ላይ የሚታይ የጥያቄ ምልክት አንዳንድ ጊዜ የማሳያው ጉድለት ብቻ ነውና። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚይዝ፥ ወገዳ 9 ባይት ይሆናል። ልኩ 3 ብቻ ከሆነ ስሙ ጠፍቷል።

በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም በሁለቱም ላይ ስለሚያልፍ ምንም አይመሰክርም። ስለዚህ ፈተናው ሥራው በሚውልበት በዚያው ሰርቨር ላይ፥ በአማርኛ ስም፥ መዝገቡ ሳይከፈት ይደረግ።