ከቀለሙ በፊት ቁመናው

በቴሌግራም የሚደርሱኝ ፎቶዎች ይመሳሰላሉ። ጭጋግ፣ ሣር፣ ከሣሩ መሃል ወደ ካሜራው የዞረ አንድ እንስሳ፣ ከሥሩ ደግሞ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚል ጽሑፍ። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱንም አብሮ ይልካል። አዲስ ዝርያ ነው ይላል፤ ከውሻ የተዳቀለ ነው ይላል፤ ጅብና ቀበሮ የወለዱት ነው ብሎ የተከራከረኝም አለ። (ጅብ በዘሩ ለድመት ወገን እንጂ ለውሻ ወገን ስለማይቀርብ ያ ክርክር ብዙ አላደከመኝም።) የባሌን ተራሮች ለጎብኚ ሳሳይ ከቆየሁበት ሥራ ያወጣሁት ነገር ቢኖር፣ መልኩ እንግዳ የሆነብን አውሬ ብዙውን ጊዜ የምናውቀው አውሬ መሆኑን ነው። እንግዳ ያስመሰለው ዕድሜው፣ ወራቱ፣ ሕመሙ ወይም የጠዋቱ ብርሃን ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የት እንደታየ እጠይቃለሁ። ባሌ ውስጥ ሳነቲ አምባ ላይ፣ 4000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ተጠርጣሪው ጥቂት ነው፤ ቀይ ቀበሮ፣ የእረኛ ውሻ፣ አልፎ አልፎም ከታች የሚወጣ ግራጫ ቀበሮ። ቦታው አዋሽ ቢሆን ጥርጣሬዬ ሌላ ነው። እዚያ ጀርባው ጥቁር የሆነው ቀበሮ አለ፤ ጆሮው ለፊቱ የማይመጥን ትልቅ የሆነው ምስጥ በሊታም አለ። ቦታውን ሳይነግረኝ ፎቶ ብቻ የሚልክልኝን ሰው መልስ አዘገይበታለሁ።

ቀጥሎ ቁመናው ነው። ቀለም የማየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጀማሪ አስጎብኚ ግን ከቀለም ይጀምርና ደመና በመጣ ቁጥር ሐሳቡን ይለውጣል። ቀይ ቀበሮ እግረ ረጅም ነው። አፈሙዙ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ከግንባሩ ብዙም ሳይሰበር ይወርዳል። ጆሮዎቹ ሰፋ ብለው ጫፋቸው የሾለ ሲሆን ከውስጥ በኩል ጠርዛቸው ላይ ነጭ ፀጉር አለ። ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ ነው፤ ከዓይኑ በታችም እንደ ጨረቃ የተቆለመመ ነጭ ምልክት ይታያል። ጅራቱ ሥሩ አካባቢ ከታች በኩል ነጭ ነው፤ ከዚያ እስከ ጫፉ ጥቁርና ጎፈሬ ነው። ፎቶው ቢደበዝዝ እንኳ አፈሙዙና ጅራቱ በጎን ከታዩ ይበቁኛል።

ይህን ሁሉ ያጠና ሰው በመራቢያው ወራት ሲመጣ ግራ ይገባዋል። የሴቷ ቀይ ፀጉር ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ሱፍ ሱፍ ይላል። ያ ጥቁር ጅራት ቡናማ ይሆናል፣ ፀጉሩም ይረግፋል። «የታመመ ተኩላ አየን» ተብሎ ከሚላክልኝ ውስጥ ጥቂት የማይባለው እሷ ናት። ግልገሎቹ ደግሞ ሲወለዱ የከሰል ዓይነት ግራጫ ናቸው፤ ቀዩን የሚለብሱት ሳምንታት ቆይቶ ነው። በአበባ ወራት አፈሙዙ በቢጫ ብናኝ የተለወሰ ቀበሮ ሊያጋጥም ይችላል። ቀበሮዎቹ ሬት የሚመስለውን ቀይና ቢጫ አበባ እየዞሩ ማሩን ይልሳሉ፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2024 በሳይንስ መጽሔት ታትሞ ወጥቷል። እከክ የያዘው ግራጫ ቀበሮስ? ፀጉሩን ሲጨርስ ጆሮው የገዘፈ፣ እግሩ የረዘመ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፍጡር ይመስላል።

መልኩ ሲያወላውለኝ ሥራውን አያለሁ። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በመንጋ ነው፤ ምግቡን የሚፈልገው ግን ለብቻው ነው። ባይኖኩላር ይዞ መቀመጥ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቀስ እያለ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ጆሮውን ወደ ፊት ይቀስራል። የፍልፈሉ ጉድጓድ ጋ ሲደርስ ሆዱ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብሎ ይሳባል፤ አንድ እግሩን አንሥቶ ደርቆ ይቀራል። ፍልፈሉ ሣር ለመንጨት ብቅ ሲል ዘሎ ይይዘዋል፤ ካመለጠውም አፈሩን በሁለት እጁ ወደ ኋላ እየበተነ ይቆፍራል። የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ሲሳይ ነውና ልፋቱ ያዋጣል። የእረኛ ውሻ ይህን ያህል ትዕግሥት የለውም።

ከባዱ የዲቃላው ጉዳይ ነው። በባሌው ዌብ ሸለቆ ሴት ቀይ ቀበሮዎች ከወንድ ውሾች መዳቀላቸው እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ የዘረመል ጥናት ተረጋግጧል። ዲቃላው አፈሙዙ ያጥራል፣ ሰውነቱ ይደነድናል፣ የፀጉሩ አጣጣልም ይለያል። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ስለማይሞሉ ነገሩ የዋዛ አይደለም። ቢሆንም አፈሙዙ ትንሽ ባጠረ ቁጥር ዲቃላ ማለት አይገባም። ካሜራ ፊት ለፊት ያነሣው አፈሙዝ ሁሉ ያጥራል።

ዓይን ብቻውን የማይበቃበትን ልክ ያሳየን ግን ያ ማንም የማይደነቅበት ግራጫው ቀበሮ ነው። በመጻሕፍት ሁሉ ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ላየ ሰውም አንድ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኢትዮጵያ ደጋ የተወሰደ ናሙና ሲመረመር ዘሩ ለተኩላ እንደሚቀርብ ታወቀ፤ በ2015 ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ተባለ። በ2018 የወጣው ጥናት ደግሞ በደሙ ውስጥ የግራጫ ተኩላና የቀይ ቀበሮ ቅልቅል እንዳለ አሳየ። ስንት ጠመንጃ ያዥና ስንት ሊቅ ያየው እንስሳ! ዛሬም «የአፍሪካ ተኩላ» ስለው ጎብኚው በጥርጣሬ ያየኛል። እረኛው ግን በግልገሉ የሚከስሰው ብዙ ጊዜ እሱን ነው፤ ከሩቅ ሲያየው ከቀዩ ካልለየው በእሱ ጥፋት ቀዩ ይመታል። መለየት ገንዘብና ሕይወት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

እንግዳነቱ ከመልኩ ሳይሆን ከጠባዩ ሲሆን የምሠራው ሌላ ነው። ሰው የማይሸሽ፣ የሚንገዳገድ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ቀበሮ ወይም ውሻ ከታየ ዝርያው ምን እንደሆነ ለመናገር አልቸኩልም። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ባሌ ውስጥ ደጋግሞ ገብቶ መንጋ ጨርሷል። ለላኪው «አትጠጉት፣ ሬሳም ቢሆን አትንኩ፣ በትክክል የት ነው?» ብዬ እመልስና ወዲያው ለፓርኩ ስካውት እደውላለሁ። ፎቶውን አስፍቼ ጅራቱን የማየው ከዚያ በኋላ ነው።