የስምንት ሌሊት ስፌት

ኪዚ አርጅታለች። አንዲት መንገደኛ ነጭ እመቤት ውኃ ትጠይቃታለች። ኪዚ ጀርባዋን ሰጥታ ኩባያውን ትሞላለች፣ ምራቋን እንትፍ ትልበታለች፣ ዞራ በአክብሮት ታቀብላለች። ሴትዮዋ ትጠጣለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቀድሞ ያላየ ሰው ይህን ብቻ ቢያይ አንዲት አሮጊት ክፋት ሠራች ብሎ ያልፈዋል። የድራማውን ስምንት ሌሊት የተከታተለ ግን እመቤቲቱን ያውቃታል። ሚሲ አን ናት። ልጅ ሳሉ አብረው ተጫውተዋል፤ ኪዚን ማንበብና መጻፍ ያስተማረቻት እሷ ናት። ኪዚም በተማረችው ጽሕፈት ለምትወደው ልጅ የሐሰት የይለፍ ወረቀት ጻፈችለት፣ ተያዘ፣ እሷም ከእናት ከአባቷ ተነጥላ ተሸጠች። ሚሲ አን አልደረሰችላትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ውኃ ለመጠጣት ስትቆምም ኪዚ የምትባል ሰው አላውቅም አለች። ምራቁ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጸሐፊዎቹ ለበቀሉ ጩኸት አልሰጡትም፣ ማብራሪያም አልጨመሩለትም። ተመልካቹ ራሱ እንዲያስታውስ ተዉለት።

«ሩትስ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1977 እሑድ ማታ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 15 ቀን 1969 ዓ.ም.። መነሻው አሌክስ ሄሊ የቤተሰቤ ታሪክ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። በጋምቢያ ጁፉሬ መንደር ተወልዶ በ1767 በባርነት ወደ አሜሪካ ከተጋዘው ከኩንታ ኪንቴ ይጀምራል። ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ዎልፐር ነበር። መጀመሪያ የታሰበው በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲታይ ነበር፤ የጣቢያው የፕሮግራም ኃላፊ ፍሬድ ሲልቨርማን ግን በተከታታይ ስምንት ሌሊት እንዲያልቅ አደረገ። ካልተሳካ ቶሎ እንዲያልፍልን ብሎ ነው የሚሉ አሉ።

ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ውሳኔው የሥራውን መልክ ለወጠው። ከነማስታወቂያው 12 ሰዓት የሆነው ድራማ ሲከፋፈል እኩል አልተቆረሰም። ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ከስድስተኛው በቀር ረጃጅሞቹ ሌሊቶች መግቢያውንና መውጫውን ያዙ፣ አጫጭሮቹ በመሐል ተደረደሩ። ሳምንት የሚጠብቅ ሰው ይረሳል፤ ነገ የሚጠብቅ ሰው ግን ያየውን ይዞት ያድራል፣ ጠዋት ለሥራ ባልደረባው ይነግራል፣ ማታ ይመለሳል። በዚያ ሳምንት ምሽት ምሽት ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች ጭር ብለው እንደነበር በጊዜው ተዘግቧል።

ይበልጥ የሚገርመኝ የሁለተኛው ሌሊት መጨረሻ ነው። ኩንታ ሊያመልጥ ሞክሮ ተይዟል። እጆቹ በገመድ ታስረው ተሰቅለዋል፤ ሌሎቹ ባሮች እንዲያዩ ተሰብስበዋል። የሠራተኞቹ አለቃ ስሙን ይጠይቀዋል፤ ልጁ ኩንታ ይላል፤ ጅራፉ ያርፋል። ጥያቄው ያው፣ መልሱ ያው፣ ጅራፉ ያው። ትዕይንቱ የተሠራው ከእነዚህ ከሦስቱ ብቻ ነው። የሚለወጠው የልጁ ድምፅ ነው፤ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ባለቤቶቹ ያወጡለትን ስም፣ ቶቢን፣ ይናገራል። ቸኩሎ የሚሠራ እዚያው ላይ ይቆርጠው ነበር። እዚህ ግን ፊድለር የተባለው ሽማግሌ ባሪያ ይመጣና ልጁን አቅፎ ይይዘዋል፤ ማን እንደሆነ ራሱ እንደሚያውቅ፣ ሌላ ቀን እንደሚመጣ በዝቅታ ይነግረዋል። ሉዊስ ጎሴት ጁኒየር በዚህ ክፍል ትወናው የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። የክፍሉ ጸሐፊዎች ኧርነስት ኪኖይና ዊልያም ብሊንም ተሸልመዋል።

ከዚያ ሌሊቱ ያልቃል። በማግስቱ ማታ ኩንታ ሌላ ሰው ነው። ወጣቱን የተጫወተው ሌቫር በርተን የ19 ዓመት ተማሪ ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራው ነው። ጎልማሳውን የሚጫወተው ጆን ኤሞስ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም። አንዱን ገፀ ባሕርይ ለሁለት ተዋናይ ማካፈል አስቸጋሪ ነው፤ ተመልካቹ የለመደውን ፊት ይፈልጋል። እዚህ መለዋወጡ የገባው ልጁ ስሙን ከተነጠቀበት ሰዓት ቀጥሎ ነው። ሰውዬው የተለወጠ ቢመስል እውነትም ተለውጧል። ጋቢ ከሁለት ወርድ ተጋጥሞ ሲሰፋ ጥሩ ሰፊ መገጣጠሚያውን ዓይን በማያርፍበት ቦታ ያስቀምጠዋል፤ እነዚህም ስፌቱን ሰው ተኝቶ በሚያድርበት ሌሊት ውስጥ ቀበሩት።

የተዋናዮች ምርጫውም ስሌት አለው። ኩንታን የሚገዛው ባለ እርሻ ሎርን ግሪን ነው፤ አሜሪካውያን በ«ቦናንዛ» ለዓመታት እንደ ደግ አባት ያውቁታል። ሐኪሙ ወንድሙ ሮበርት ሪድ ነው፤ እሱም የ«ብሬዲ በንች» አባት። በመርከቡ ላይ ያለው ጨካኝ ረዳት ራልፍ ዌት ነው፤ ያኔም በየሳምንቱ በ«ዎልተንስ» የደጉ ቤተሰብ አባት ሆኖ ይታይ ነበር። እነዚህ ሰዎች እንግዳ ቢሆኑ ኖሮ ነጩ ተመልካች ክፋታቸውን ለእነሱው ትቶላቸው ይተኛ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ የለመደው ድምፅ ሲሆን ግን ወዴትም መገፍተር አይቻልም።

ሁሉም ነገር እንዲህ አልተሳካም። የመርከቡ አዛዥ ካፒቴን ዴቪስ ሃይማኖተኛና ሕሊናው የሚወቅሰው ሰው ተደርጎ ቀርቧል። ኤድ አዝነር በዚህ ሚና ኤሚ ወስዷል፤ ትወናው አይወቀስም። ነገር ግን ሚናው ለነጭ ተመልካች እንደ መደገፊያ የተቀመጠለት ይመስለኛል፣ ከሌላው ክብደት ጋርም አይመጣጠንም። የመጨረሻው ሌሊትም እንዲሁ። የኪዚ የልጅ ልጅ ቶም ዛፍ ላይ ያሰሩትን ነጭ ሰው ሊገርፍ ጅራፍ ያነሣና ይተወዋል። የሁለተኛው ሌሊት መልስ መሆኑ ነው። ግን በጣም የተስተካከለ ነው፤ ምስማሩ ይታያል። የኩባያውን ትዕይንት የሠራው ያው እጅ ነው ለማለት ይከብዳል።

የተሻለው ድግግሞሽ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት አባትየው ኦሞሮ የተወለደለትን ኩንታን ብቻውን ይዞ ይወጣና በሁለት እጁ ወደ ከዋክብት ያነሣዋል። በኋላ የአንድ እግሩ ፊተኛ ክፍል የተቆረጠበት ኩንታ እያነከሰ ወጥቶ ልጁን ኪዚን እንደዚያው ያነሣታል። ተመሳሳይ እንቅስቃሴ፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ሰማይ። ክዊንሲ ጆንስ ለድራማው መጀመሪያ ሙዚቃውን ሲያሰናዳ ደቡብ አፍሪካዊቷን ሌታ ምቡሉን አዘፍኗታል፤ የቀረውን ጄራልድ ፍሪድ ሠራው።

የመጨረሻው ክፍል የተመዘነበት ቁጥር 51.1 እና 71 ነው፦ ቴሌቪዥን ካላቸው ቤቶች ከግማሽ በላይ፣ በዚያ ሰዓት ከተከፈቱት ቴሌቪዥኖች ደግሞ 71 በመቶ ያህሉ ይህንኑ እያዩ ነበር። በሰው ሲቆጠር ወደ 100 ሚሊዮን ይገመታል። በዚያው ጊዜ አጥኚዎች ተመልካቾችን ጠይቀው ነበር። ጥቁሮች ይቆጣሉ፣ ነጮች ይከላከላሉ ብለው የጠበቁ ነበሩ። ከሁለቱም ወገን በብዛት የተመለሰው ግን ሐዘን ነው። ይህ አይገርመኝም፤ ጅራፉ ሳይሆን የፊድለር እቅፍ የመጨረሻው ምስል እንዲሆን የቆረጠው ሰው ያሰበው ይህንኑ ይመስላል። ልጆቻቸውን ኩንታና ኪዚ ብለው የሰየሙ ወላጆችም ነበሩ።

ታሪኩ እውነት ነወይ የሚለው ክርክር ወዲያው ተነሣ። ሄሊ በ1977 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ጁፉሬ ድረስ ሄዶ የተነገረውን የትውልድ ሐረግ ተጠራጠረ። ሃሮልድ ኩርላንደር የተባለ ደራሲ ከእኔ ልቦለድ ተወስዷል ብሎ ከሰሰ፤ ሄሊ በ1978 650,000 ዶላር ከፍሎ ታረቀ። በኋላም የዘር ሐረግ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ያለው ክፍል ከሰነድ ጋር እንደማይገጥም ጻፉ። ሄሊ ራሱም መጽሐፉ ከእውነትና ከፈጠራ የተቀላቀለ መሆኑን አልደበቀም። ከኩንታ እስከ ሄሊ ሲቆጠር ትውልዱ ሰባት ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚያስቆጥሩ ሽማግሌዎች ባሉበት አገር ላደገ ሰው ይህ ቁጥር አዲስ አይደለም፤ ለጥቁሩ አሜሪካዊ ተመልካች ግን ሰባተኛው አያት ስም ያለው ሰው መሆኑ ራሱ ዜና ነበር።

ድራማው ካለቀ በኋላ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሚላኩ የዘር ሐረግ ጥያቄዎች በረከቱ። ብዙዎቹ የሚደርሱት እስከ 1870 ነው። ነፃ የወጡት ጥቁሮች ሁሉ በየስማቸው የተመዘገቡበት የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ የዚያ ዓመት ነው። በ1850 እና በ1860 በነበሩት የባሮች መዝገቦች የሚገኘው የባለቤቱ ስም ነው፤ ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም በየመስመሩ ተጽፏል፤ የባሪያው ስም ግን ከጥቂቶች በቀር የለም።