የማህተም ጠርዝ

የጎማ ማህተም ዋጋው ያለው ጠርዙ ላይ ነው። ቀለም የሚቀበለው ከፍ ብሎ የወጣው ገጽ ቢሆንም፣ አበባውን አበባ፣ ፊደሉን ፊደል የሚያደርገው ያ ገጽ ቁርጥ ብሎ የሚያበቃበት መስመር ነው። ከዚህ ተነስቼ ነው «ማህተሙ ጸድቷል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በጎማው ንጣት መመለስ ስህተት ነው የምለው። በማህተም ሥራ ሙያዬ እንዳየሁት ብዙ ማህተም የሚበላሸው በቆሻሻው ሳይሆን ቆሻሻውን ለማስለቀቅ በሚደረገው ትግል ነው።

ይህን ስል ማህተም አይጽዳ ማለቴ አይደለም። በተለይ በፊደላችን ለሚቀረጽ ማህተም ጽዳት የንባብ ጉዳይ ነው። «ቤ»ን ከ«ቢ» የሚለያት እግሯ ሥር ያለችው ቀለበት ናት፤ የ«መ» እና የ«ወ» ክቦችም እንደዚያው ባዶነታቸው ነው የሚያስነብባቸው። በሠርግ ጥሪ ካርድ ወይም በቡና ከረጢት ላይ በሚያርፍ ትንሽ ማህተም የዚያች ቀለበት ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሊያንስ ይችላል። ቀለም ደርቆ ሲደፍናት ቀለበቷ ነጥብ ትሆናለች፣ አንባቢም ይደናገራል። ታዲያ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ መርፌ ያነሳል። መርፌው ድፍኑን ያወጣል፤ ቀጭኗን የቀለበት ግድግዳም አብሮ ይቀዳል። የተደፈነች ቀለበት በሳሙና ትከፈታለች፤ የተቀደደችን ግን የሚጠግን የለም።

ፈሳሹም ከመርፌው ያላነሰ ጉዳት ያመጣል። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 የተፈጥሮ ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅ በሙቀት እንዳይለሰልስ፣ በብርድም እንዳይደርቅ እንደሚያደርገው ደረሰበት፤ የጎማ ማህተም የመጣውም ከዚያ በኋላ ነው። ድኙ የጎማውን ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርስ ስለሚያስራቸው ቤንዚን ሊያሟሟው አይችልም፤ ግን ውስጡ ዘልቆ ያሳብጠዋል። ናፍጣና ቫዝሊንም ያሳብጡታል። ያበጠ ጎማ ደካማ ነው። ቤንዚኑ ተንኖ ጎማው ወደ መጠኑ ቢመለስ እንኳ፣ አብጦ ሳለ በብሩሽ የታሸው ጠርዝ እንደ ዶለዶመ ይቀራል። በረኪና ደግሞ ጎማውን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፤ ንጣቱን የሚወድ ሰው ለዚያ ንጣት የሚከፍለው ስንጥቅ ነው። አሴቶን የተፈጥሮ ጎማን ብዙም አይነካም፤ ነገር ግን ከአክሪሊክ የተሠራውን እጀታ ያሟሟል።

ታዲያ ምን ይበቃል? ለአብዛኛው ማህተም ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። በውሃ የተዘጋጀ ቀለም ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ላይ ደጋግሞ ማተም ብቻውን ያስለቅቀዋል፤ እኔ ይህን መንገድ የማስቀድመው ጎማው ወደ ታች ተጭኖ ስለሚነሳ ጠርዙ ስለማይታሽ ነው። ውሃ የማያስለቅቀው ቀለም አልኮል በነካ ጨርቅ ፈጥኖ ይጠረግና በውሃ ይለቀለቃል። ችኮላ የሚያስፈልገው ለአክሪሊክና ለጨርቅ ቀለም ነው፤ እነዚህ ከደረቁ ፕላስቲክ ስለሚሆኑ ሥራው እንዳለቀ መታጠብ አለባቸው። የእንጨት እጀታ ያለውን ማህተም ግን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይገባም፤ እንጨቱ ያብጣል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል።

«የቀረው እድፍ ቀጥሎ የምጠቀመውን ፈዛዛ ቀለም ያበላሽብኛል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ስጋቱ ተገቢ ነው፣ መልሱም በቀላሉ ይፈተናል። የታጠበውን ማህተም እርጥበቱ ሳይጠፋ ነጭ ወረቀት ላይ ተጫኑት። ቀለም ከወጣ ጽዳቱ አላለቀም፣ ወደ ሳሙናው ይመለስ። ምንም ካልወጣ ግን የሚታየው ጥላ ጎማው ውስጥ የሰረገ ነው፤ ወረቀት ላይ አይወርድም፣ ሊነኩትም አይገባም። ሌሎች ደግሞ «ጎማ ርካሽ ነው፣ ሲበላሽ ሌላ ይቀረጻል» ይላሉ። ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ ላለና በሌዘር ለሚቀረጽ ማህተም ክርክሩ በከፊል ያስኬዳል። በእጅ የተቀረጸ ሥራ ግን ሁለተኛ የለውም፤ የቀራጩ እጅ ያንኑ መስመር በትክክል አይደግመውም። ከዚያም በላይ፣ የተበላሸውን በአዲስ የሚተካ ሰው አጸዳዱን ካልቀየረ አዲሱንም ያበላሸዋል።

ይህ ሁሉ ግን ለጎማ ብቻ ነው። እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፈው የፖሊመር ማህተም አልኮልም ሆነ አሴቶን አይስማማውም፤ ፀሐይም ያወይበዋል። ቀለሙን በውስጡ ይዞ የሚመጣው ማህተም ደግሞ ከቶ አይታጠብም፤ ፊቱን በደረቅ ሶፍት ነካ ነካ ማድረግ ይበቃዋል። ሁሉም ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ፣ ፊቱ ላይ ክብደት ሳይጫንበት ይቀመጥ።

ስለዚህ ማህተም የምታሠሩ ሰዎች ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ከምን እንደተሠራና የትኛው ቀለም እንደሚስማማው ጠይቁ። እኛ ሠሪዎችም እስክንጠየቅ አንጠብቅ፤ ሁለቱንም በትንሽ ወረቀት ጽፈን ከማህተሙ ጋር እናስረክብ።